የሩቅ እሳት
ከሱሉልታው ተረት እስከ አዲስ አበባው የዳንስ መድረክ

ከአራት ኪሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አቅንቶ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የደረሰ መንገደኛ ቀና ቢል የእንጦጦን ሰንሰለት ያያል። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ዳግማዊ ምኒልክ በተራራው ግርጌ ለፈረንሳይ መንግሥት መልእክተኞች ከሰጡት ሰፊ ግቢ ነው። የፈረንሳዩ ሚኒስትር ላጋርድ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ውል የተዋዋለው በ1897 ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ለጋሲዮኑ ኤምባሲ ከተባለ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ሠፈርተኛው የቀድሞውን ስም አልተወም፤ ሲያሳጥረውም «ፈረንሳይ» ብቻ ይለዋል። ከዚያ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ተራራው ቅርብ ይመስላል። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት ሴቶችና ልጆች ግን ርቀቱንም ብርዱንም በጀርባቸው ለክተው ያውቁታል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ባሉት ወራት ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

ከዚህ ሰንሰለት ጀርባ ሱሉልታ አለ። ለልጆች ከሚነገሩት ተረቶች መካከል ስለ ማደግ አጥብቆ የሚናገረው አንዱ የሚፈጸመው እዚያ ነው። ተረቱን አሜሪካዊው ጸሐፊ ሃሮልድ ኩርላንደርና የኢትዮጵያን ቋንቋዎች በማጥናት የታወቀው ዎልፍ ሌስላው በ1950 ካሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥ አስገብተውታል፤ መድበሉም ርእሱን የወሰደው ከዚሁ ተረት ነው። የተረቱ ከተማ አዲስ አበባ ስለ ሆነች፣ ይህ አነጋገሩ በ1886 ከተቈረቈረችው ከተማ ዕድሜ ሊበልጥ አይችልም። ፍሬ ነገሩ ግን በሌሎች አገሮችም በልዩ ልዩ መልክ ይተረታል።

ተረቱ

አርሃ የሚባል ልጅ ከጉራጌ አገር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ሀብቶም ሐሰይ ለሚባል ባለጸጋ ነጋዴ አሽከር ሆኖ ያድጋል። ጌታው ሁሉ ነገር ሞልቶት የሚያደርገው ቢያጣ፣ የሰው ልጅ ምን ያህል ብርድ ይችል ይሆን ብሎ ያስባል። ልብስና ብርድ ልብስ ሳይኖረው፣ እሳትም ሳይሞቅ በሱሉልታ ተራራ ጫፍ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያድር ሰው ቢገኝ ቤት፣ ከብትና የእርሻ መሬት እንደሚሰጠው ይወራረዳል። አርሃም እሺ ይላል።

ልጁ ቃሉን ከሰጠ በኋላ ፍርሃት ያዘው። ወደ አንድ አስተዋይ የአገሩ ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ ምክር ጠየቀ። ሽማግሌውም ከሸለቆው ማዶ ካለው ከፍታ ላይ ሌሊቱን ሙሉ እሳት እንደሚያነድለት፣ እሱም ዓይኑን ከዚያ ሳይነቅል ሙቀቱንና የወዳጁን ፍቅር እያሰበ እንዲያድር ነገረው። አርሃ እንደ ተመከረው አደረገ፤ ነጋም። ሽልማቱን ሲጠይቅ ግን ባለጸጋው «እሳት አይተህ አድረሃልና ውሉን አፍርሰሃል» አለው። ዳኛውም ለባለጸጋው ፈረደለት። በመጨረሻ ኃይሉ የሚባል ደግ ሰው ባለጸጋውንና ዳኛውን ጨምሮ ብዙ እንግዶች ግብዣ ጠራ። የወጡ ሽታ አዳራሹን ሞላው፤ ምግቡ ግን አልቀረበም። እንግዶቹ ሲያጉረመርሙ ኃይሉ፣ በሩቅ እሳት የሚሞቅ ሰው ካለ በሽታ የሚጠግብ ሰውም ሊኖር ይገባል ብሎ መለሰላቸው። ባለጸጋው ነገሩ ገባውና የልጁን ዋጋ ከፈለ።

ይህ ተረት ብዙውን ጊዜ ስለ ፍርድና ስለ ብልኀት የተነገረ ተደርጎ ይወሰዳል። በመሠረቱ ግን የአንድ ልጅ የማደግ ታሪክ ነው። አርሃ ወደ ተራራው የወጣው የሰው አሽከር ሆኖ ነው፤ ሲወርድ የራሱን ቤትና የራሱን መሬት የሚጠይቅ ሰው ሆኗል። በሁለቱ መካከል ያለችው ያቺ አንዲት ሌሊት ናት። ተረቱ ልጅን ሰው ለማድረግ ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉም ያሳያል፤ ሌሊቱን ራሱ መቆሙ፣ ከማዶ እሳት የሚያነድለት ወዳጅ ማግኘቱ፣ የተገባለትም ቃል መፈጸሙ። ሦስተኛው ሲጓደል የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከንቱ ይሆናሉ።

ከ1996 ጀምሮ በአዲስ አበባ የተፈጸመ አንድ የዳንስ ታሪክ ይህን ተረት በሰው አካል የደገመው ይመስላል። ታሪኩን በእነዚሁ ሦስት ነገሮች መመዘን ይቻላል።

መንኰራኩሩ

በ1991 የብዙ ዓመታት ጦርነት ሲያበቃ የአዲስ አበባ ጎዳናዎች በልጆች ተሞልተው ነበር። ጫማ የሚጠርግ፣ ማስቲካ የሚያዞር፣ መኪና የሚጠብቅ፣ ሸክም የሚሸከም ልጅ በየመንገዱ ዳር ይታይ ነበር። እንደ አርሃ ከሩቅ አገር የመጣ አለ፤ እዚያው ከተማው ውስጥ ተወልዶ ድኽነት ከቤቱ ያስወጣውም አለ። ለእነዚህ ልጆች ማደግ ማለት ዕድሜ መቍጠር ብቻ ነበር፤ ወዴት እንደሚያድጉ የሚነግራቸው አልነበረም።

በዚያን ጊዜ በከተማው ውስጥ ይሠሩ ከነበሩት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አንዱ የሕፃናት ሐኪም የሆኑት ዶክተር ካርሜላ ግሪን አባተ የመሠረቱት ጀሚኒ ትረስት ነው። ድርጅቱ የተቋቋመው መንትያ የወለዱ ድኾች ቤተሰቦችን ለመርዳት ነበር። መንትያ ለባለጸጋ ደስታ ሲሆን፣ በቀን ሥራ ለምትተዳደር እናት ግን ጡቷም ጕልበቷም የማይበቃበት ፈተና ነው። ሕፃናቱ ሲያድጉ የድርጅቱም ጥያቄ አብሮ አደገ፤ ከሞት የተረፈው ልጅ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ መጣ።

ለዚህ ጥያቄ ያልተጠበቀ መልስ ይዞ የመጣው እንግሊዛዊው የዳንስ አቀናባሪ ሮይስተን ማልዱም ነበር። በ1943 የተወለደው ማልዱም ራሱ ዳንስ የጀመረው ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፤ ለዚህ ሙያ በጣም የዘገየ ዕድሜ ነው። ምናልባትም በዚህ ምክንያት ዳንስን ለተመረጡ አካላት ብቻ የተሰጠ ጥበብ አድርጎ አላየውም። ሙያተኛ ካልሆኑ ሰዎች ጋር፣ በተለይም በስኮትላንድ፣ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። በ1996 አዲስ አበባ ላይ ወደ 100 የሚጠጉ የጎዳና ልጆችን አሰልፎ በካርል ኦርፍ «ካርሚና ቡራና» ሙዚቃ ትርኢት አሳየ።

የሙዚቃው ምርጫ ሊታሰብበት ይገባል። ጀርመናዊው ኦርፍ ይህን ሥራ በ1937 በፍራንክፈርት ለሕዝብ ያሰማው፣ በ1803 በባቫርያ ገዳም ከተገኘ የመካከለኛው ዘመን የግጥም ጥራዝ 24 ግጥሞችን መርጦ ነው። መካከሉ ስለ ፀደይ፣ ስለ መጠጥ ቤትና ስለ ፍቅር ይናገራል፤ ማለትም ከልጅነት ወደ ጕልምስና ስለሚወስደው መንገድ። መጀመሪያውና መጨረሻው ግን አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱን እያወጣች ሌላውን እያወረደች የምትሽከረከረውን የዕድልን መንኰራኩር የሚመለከት ታላቅ የኅብረት ድምፅ ነው። ያ መንኰራኩር ከታች ያስቀራቸው ልጆች በዚያ ሙዚቃ ሲወዛወዙ ለተመልካቹ የተገለጠለት ነገር የርኅራኄ ብቻ አልነበረም። እነዚህ ልጆች ሥርዐት ይዘው፣ ጸጥ ብለው፣ አንዱ የሌላውን እስትንፋስ እያዳመጠ ትልቅ ሥራ መፈጸም እንደሚችሉ ታየ።

የማልዱም አሠራር የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ልጅ ስለ ተቸገረ ተብሎ የሚቀነስለት መለኪያ የለም። ፀጥታ፣ ትኵረትና ድግግሞሽ ከማንኛውም ዳንሰኛ እንደሚጠየቁ ሁሉ ከእሱም ይጠየቃሉ። ለልጁ የሚደረግለት ትልቁ አክብሮት ይህ ነው።

አምስት ዓመት

ትርኢት ያልቃል፤ መብራቱ ይጠፋል፤ ተመልካቹ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልጆቹስ ወዴት ይሂዱ? ከልጆች ጋር የሚሠራ ሥራ ሁሉ የሚፈተነው በማግሥቱ ነው። በአዲስ አበባ የተሠራው ሥራ ከብዙዎቹ የሚለየው ይህን የማግሥት ጥያቄ ተቀብሎ መልስ ለመስጠት በመሞከሩ ነው። ከትርኢቱ በኋላ 18 ወጣቶች ለአምስት ዓመት የሚሠለጥኑበት «አዱኛ» የተባለ የኅብረተሰብ የዳንስ ቴአትር ቡድን ተቋቋመ።

አምስት ዓመት አንድ መሐንዲስ በዩኒቨርሲቲ ከሚቆይበት ጊዜ ጋር የሚመጣጠን ነው። ያ ጊዜ ለዳንስ ሲመደብ፣ ዳንስ የበዓል ማድመቂያ ሳይሆን ሙያ ነው ማለት ነው። በአገሩ ይህ አዲስ አሳብ ነበር። ሀገር ፍቅር በ1935፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1955 ከተከፈቱ ወዲህ የየብሔረሰቡ ውዝዋዜ በመድረክ ትልቅ ስፍራ አግኝቷል። ነገር ግን ተወዛዋዡ በአብዛኛው የቆመው ከዘፋኙ ጀርባ ነበር፤ ዘፈኑ ሲያልቅ የእሱም ነገር ያልቃል። ኮንቴምፖራሪ የሚባለው ዘመናዊ ዳንስ ግን ዘፋኙን ከፊት አያቆምም። የሚናገረው አካሉ ብቻ ነው።

እስክስታ የትከሻ፣ የአንገትና የደረት ጥበብ ነው፤ እግር መሬቱን ይዞ ይቆማል፣ ጕልበቱ ከወገብ በላይ ይናገራል። አዲሱ ሥልጠና ደግሞ መውደቅን፣ መንከባለልን፣ መሬት ላይ ተኝቶ መነሣትን፣ ክብደትን ለሌላው ሰው አሳልፎ መስጠትን ያስተምራል። ሁለት ሰዎች ተደጋግፈው ሲያዘነብሉ አንዳቸውም ብቻቸውን ሊቆሙ በማይችሉበት ማዕዘን ላይ ሁለቱም ይቆማሉ። ነገሩ የሚዛን ሕግ ቢሆንም የመተማመን ትምህርትም ነው። በጎዳና ላይ ጀርባውን ለማንም ሳይሰጥ ያደገ ልጅ ክብደቱን ሙሉ በሙሉ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ መጣል የሚማረው ቀስ እያለ ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ወጣቶቹ የተማሩት ለራሳቸው ለመደነስ ብቻ አልነበረም፤ ሌሎችን ማስተማርም የሥልጠናው ክፍል ነበር። በ1991 በእንግሊዝ አገር አካል ጉዳተኞችና ጉዳት የሌለባቸው ዳንሰኞች አብረው የሚሠሩበትን «ካንዱኮ» የተባለ ቡድን ከሴለስት ዳንዴከር ጋር የመሠረተው አዳም ቤንጃሚን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከአዱኛ ጋር ሠርቷል። ከዚህም አካል ጉዳተኞች የሚሳተፉበት የዳንስ ሥራ በከተማው ውስጥ ሥር ያዘ። በክራንች የሚሄድ ሰው ሲደንስ ክራንቹ መደበቅ ያለበት ጕድለት መሆኑ ይቀራል፤ ተጨማሪ እግር፣ አዲስ ድጋፍ ሰጪ ነጥብ ይሆናል። ሌሎቹ ዳንሰኞችም እንቅስቃሴያቸውን እንደገና ማሰብ ይኖርባቸዋል። የተጣለ ልጅ የተገፋውን ሰው ወደ መድረክ ሲያወጣ፣ ሌሊቱን ቆሞ ያደረው ራሱ እሳት አንዳጅ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። በትርኢቱ የተሰለፉት ወደ መቶ ነበሩ፤ ለአምስት ዓመቱ ሥልጠና ቦታ የተገኘው ለ18 ነው። አምስት ዓመት አስተምሮ ለማብቃት ቍጥሩን መወሰን ግድ ነው። ሆኖም የአዱኛን ታሪክ የሚያወሳ ሁሉ የተራራውን ሌሊት የብዙ ልጆች፣ ቤቱንና መሬቱን ግን የጥቂቶች ያደረገውን ይህን ሒሳብ አብሮ ሊያስብ ይገባዋል።

ከማዶ የታየው ብርሃን

ከአዱኛ ወጣቶች መካከል ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ስማቸው ከአገር ውጭም ታወቀ። በ2004 ጁነይድ የሮሌክስ ኩባንያ ባቋቋመው የመምህርና የደቀ መዝሙር ፕሮግራም ተመርጦ ከጃፓናዊው የዳንስ አቀናባሪ ከሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ለአንድ ዓመት ሠራ። ተሺጋዋራ በ1985 «ካራስ» የተባለውን ቡድን የመሠረተ፣ የሥዕልና የቅርጽ ትምህርቱን ከዳንስ ጋር ያዋሐደ ሠዓሊ ዳንሰኛ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳና ያደገ ወጣት በዓለም ከታወቁ ሊቃውንት አንዱ አጠገብ ቆሞ ሲማር፣ የተረቱ እሳት ከሸለቆ ማዶ ሳይሆን ከውቅያኖስ ማዶ ነደደለት።

በ2009 ሁለቱ ወጣቶች በለንደን በሳድለርስ ዌልስ ቴአትር ቀረቡ። ይህ ቴአትር ታሪኩ ከ1683 ይጀምራል፤ በዳንስ ዓለም ከታወቁት መድረኮችም አንዱ ነው። የትርኢቱ ስም «ዴስቲኖ» ይባል ነበር። ሆፌሽ ሼክተርና ራስል ማሊፋንትን የመሰሉ የታወቁ አቀናባሪዎች ሥራ አዘጋጁላቸው፤ ዳንስ ሙያቸው ያልሆነ በርካታ የለንደን ነዋሪዎችም፣ ወጣትና ሽማግሌ ሳይለይ፣ በዚያው ምሽት በመድረኩ ላይ ተሳተፉ። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት የአዲስ አበባ ልጆች ያለ ሙያ መድረክ እንደ ወጡ ሁሉ፣ አሁን የለንደን ሰዎች እነዚያ ልጆች ሙያተኛ ሆነው በመጡበት መድረክ ላይ ተማሪ ሆኑ።

ሦስቱ ስሞች ሲያያዙ ትርጕም ይሰጣሉ። ካርሚና ቡራና የሚጀምረው በዕድል መንኰራኩር ነው። አዱኛ በአማርኛ የዚህ ዓለም ሀብትና ሲሳይ ማለት ነው። ዴስቲኖም በጣሊያንኛና በስፓኝኛ ዕጣ ፈንታ ነው። ከመንኰራኩር ወደ ሲሳይ፣ ከሲሳይ ወደ ዕጣ ፈንታ የሄደው መንገድ የ13 ዓመት መንገድ ነው። ልዩነቱ በ1996 መንኰራኩሩን የሚያሽከረክረው ሌላ ሰው መሆኑ፣ በ2009 ግን ወጣቶቹ እጃቸውን በመዘውሩ ላይ ማሳረፋቸው ነው። ሁለቱ ዳንሰኞች ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ በዚሁ ስም የሚጠራ ቡድን መሥርተው ወጣቶችን፣ አካል ጉዳተኞችንም ጨምሮ፣ ማሠልጠን ቀጠሉ።

እሳቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አልበራም። ማልዱም በ2003 በበርሊን ከየትምህርት ቤቱ የተሰበሰቡ ወደ 250 የሚጠጉ ልጆችን በሳይመን ራትል ከሚመራው የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር አሰልፎ የስትራቪንስኪን «የፀደይ ቍርባን» አሳየ። ስለዚሁ ሥራ የተሠራው ፊልም በ2004 ወጥቶ በብዙ አገሮች ታየ፤ በትምህርት ዙሪያም ብዙ አነጋገረ። በርሊን ያደነቀችው አሠራር ከሰባት ዓመት በፊት በአዲስ አበባ ጎዳና ልጆች ላይ ተፈትኖ እንደ ነበረ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

የግብዣው ሽታ

እንግዲህ ከሦስቱ መመዘኛዎች ሁለቱ ተሟልተዋል። ልጆቹ ሌሊቱን ቆመው አድረዋል፤ ከማዶም እሳት ነዶላቸዋል። የቀረው ሦስተኛው ነው፤ ቤቱ፣ ከብቱና የእርሻው መሬት። በዳንስ ቋንቋ ሲተረጐም ይህ ማለት ቋሚ መለማመጃ አዳራሽ፣ የማይቋረጥ ደመወዝ፣ ሙያው የሚታወቅበት ደረጃና ለሚቀጥለው ትውልድ የሚተላለፍበት ትምህርት ቤት ማለት ነው።

ጭብጨባ ሽታ ነው። መልካም ሽታ ነው፤ ነገር ግን አያጠግብም። የሩቅ አገር መድረክ፣ የጋዜጣ ምስጋና፣ የፊልም ካሜራ ሁሉ የወጡ መዓዛ ናቸው። በተረቱ ውስጥ ባለጸጋው ያጠፋው ጥፋት ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ የሰው ጽናት የሚያስከፍለውን ዋጋ በሕግ ሽፋን መካዱ ነው። ዳኛውም እሳቱን አየ እንጂ ብርዱን አላየም። ዳንሰኛ ከውጭ አገር እርዳታ አግኝቷልና ሌላ ምን ይፈልጋል የሚል ሁሉ የዚያን ዳኛ ፍርድ ይደግማል።

ማልዱምን ሳያገኝ፣ የአምስት ዓመት ሥልጠና ሳይሰጠው ያደገ ሌላ ዳንሰኛ ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። መላኩ በላይ ያለ ወላጅ ያደገ ልጅ ነበር። በካዛንቺስ ፈንድቃ በተባለው የአዝማሪ ቤት ለዓመታት በሽልማት እየደነሰ፣ እዚያው እያደረ፣ በመጨረሻ ቤቱን ራሱ ተረክቦ የባህል ማዕከል አደረገው። በ2015 የፈረንሳይ መንግሥት የሥነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ኒሻኑን በሼቫሊየር ማዕረግ ሸለመው፤ በ2020 ደግሞ ፈንድቃ የኔዘርላንዱን የፕሪንስ ክላውስ ሽልማት አገኘ። ይህ ሰው አርሃ ያልተሰጠውን ነገር፣ ቤቱን፣ በገዛ እግሩ ሠርቶ አግኝቶ ነበር። ነገር ግን በ2024 ካዛንቺስ በከተማው የመልሶ ግንባታ ሥራ ሲፈርስ የፈንድቃም ቤት አብሮ ፈረሰ፤ ሥራው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። ኒሻን በደረት ላይ ይንጠለጠላል፤ መድረክ ግን መሬት ይፈልጋል።

መሐንዲስ ቤትና መንገድ ሲነድፍ ሰው የሚኖርበትን፣ ዕቃ የሚቀመጥበትን፣ መኪና የሚቆምበትን ይለካል። ልጆች የሚያድጉበት፣ ሙያ የሚተላለፍበት ስፍራ ግን ብዙውን ጊዜ ከልኬቱ ውጭ ይቀራል። አንድ የዳንስ አዳራሽ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ምሰሶ የማያቋርጠው ወለል፣ መሬቱን ሲመቱት ጕልበት የማይጎዳ የእንጨት ንጣፍ፣ በቂ ከፍታና ንጹሕ አየር። ከየሠፈሩ አንድ እንዲህ ያለ ወለል ቢገኝ ከመቶ 18 የነበረው ቍጥር ይለወጥ ነበር።

በ2020 የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ተራራው የመዝናኛ ስፍራ ሆኗል። ያም ሆኖ ጭራሮ ተሸክሞ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርድ ልጅ አልጠፋም። ሲመሽ ከእንጦጦ ቁልቁል የሚታየው የከተማው መብራት እንደ ታላቅ የሩቅ እሳት ይንቀለቀላል። ተረቱ ሰው እንዲህ ያለውን ብርሃን እያየ ሌሊት መግፋት እንደሚችል ያስተምራል፤ የአዱኛ ልጆችም ይህ እውነት መሆኑን አሳይተዋል። ግን ሌሊቱ የነጋለት አርሃ ከተራራው ወርዶ ባለጸጋው ደጃፍ ላይ ቆሟል። የኃይሉ ግብዣ የተጠራው እሳቱን ለማመስገን አልነበረም፤ ዕዳው እንዲከፈል ነበር።